የፕራዶ ቸርኬ ለአሮጌ አባዱላ፦ የድሮው ዳዶ ይይዘዋል?

ባለአባዱላ_ብርሃን

ሰላም ወገን፣ እንዴት ከረማችሁ። መኪናዬ የ2006 ሞዴል አባዱላ (ቶዮታ ሃይኤስ ሚኒባስ) ናት፣ ሞተሯ 2ኬዲ። ከደብረ ብርሃን ደብረ ሲና እጭናለሁ፣ ገበያው ሲደራ ሸዋ ሮቢትም እወርዳለሁ። የብረት ቸርኬዎቿ (ጎማው የሚለብሳቸው ክቦች) አልቆላቸዋል። ጠርዛቸው ተጣሞ አየር ያስወጣሉ፣ ጎሚስታው በመዶሻ ሲያቃና ከርሞ አሁን እሱም ሰልችቶታል። እንደው ለመልኳም ጭምር ብዬ አሉሚኒየም ልቀይርላት ቆረጥኩ።

አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ወርጄ ከፕራዶ የተፈቱ አራት ቸርኬ ከነጎማቸው ገዛሁ። ባለ 17 ናቸው፣ ጎማው ላይ 265/65 አር 17 ይላል፣ ጥርሱ ገና ነው። ዳዶ (ብሎኑ ላይ እየዞረ ቸርኬውን የሚያስረው) ግን አብሮ አልመጣም። ሻጩ «ስድስት ብሎን ነው፣ ሁለቱም ቶዮታ ነው፣ የራስህን ዳዶ እሰርበት» አለኝ።

ቤት አምጥቼ አንዱን ስሞክረው ብሎኖቹ ላይ ልክክ ብሎ ገባ። ዳዶውን ሳጠብቅ ግን ደስ አላለኝም። የዳዶው ሾጣጣ አፍ ቀዳዳው ጠርዝ ላይ ቆሞ ይቀራል እንጂ አይሰምጥም። የምታውቁ ንገሩኝ፣ የድሮው ዳዶ ይይዘዋል ወይስ ሌላ ልፈልግ?

ጫን_ተደል

ቸርኬ ቸርኬ ነው ወንድሜ። እሰርና ጫን። ይህን ያህል ካሰብክ ታክሲ ለምን ገዛህ 😂

ጎሚስታው_ከጠባሴ

ከላይ ያለውን እንደ ቀልድ እለፈው። ዓይንህ ያየው ልክ ነው።

የአባዱላ የብረት ቸርኬ ዳዶ አፉ 60 ዲግሪ ሾጣጣ ነው፣ የቸርኬው ቀዳዳም ለዚያ ሾጣጣ ተብሎ ነው የተሠራው። ስታጠብቀው ቸርኬውን ራሱ እየጎተተ መሃል ያገባዋል። የፕራዶ ኦሪጅናል አሉሚኒየም ግን ሌላ ነው። ቀዳዳው ቀጥ ያለ ነው፣ ላዩ ጠፍጣፋ። የእሱ ዳዶ አንገት አለው፤ አንገቱ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል፣ ሮንዴላው ከላይ ጠፍጣፋው ላይ ይተኛል።

ሾጣጣውን በጠፍጣፋ ቀዳዳ ላይ ስታስረው የሚነካካው እንደ ክር የቀጠነ መስመር ብቻ ነው። አሉሚኒየም ደግሞ ከዳዶው ብረት ይለሰልሳል። መኪናዋ ጭነት ይዛ ስትወዛወዝ ያ መስመር ይጨፈለቃል፣ በተጨፈለቀ ቁጥር ብሎኑ ላይ የነበረው ውጥረት ይረግባል። ዳዶው ሳይዞር ይላላል ማለት ነው። ከዚያ ቸርኬው ብሎኑን መምታት ይጀምራል፣ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ብሎኑ ይቆረጣል። ጠዋት ስታየው ጠብቆ የነበረ ዳዶ ማታ በእጅ የሚፈታው በዚህ ነው።

የብሎኑ ጥርስ የሁለቱም መኪና ኤም 12 በ1.5 ነው፣ ውፍረቱ 12 ሚሊ፣ ከጥርስ ጥርስ 1.5 ሚሊ ማለት ነው። ያለ ችግር የዞረልህ ለዚህ ነው፣ ሰውንም የሚያታልለው ይኸው ነው። አንገት ያለውን ከነሮንዴላው 24 ፈልግ፣ ሌላ አማራጭ የለውም። ሲመጣ ደግሞ ሙሉ ዙር እየቆጠርክ አስገባው። አሉሚኒየም ከብረቱ ስለሚወፍር ብሎኑ ሊያጥር ይችላል። በዚህ ጥርስ ቢያንስ 8 ዙር መያዝ አለበት፣ 5 እና 6 ላይ ከቆመ አትነሳ።

መንዜው

እኔ የምለው፣ ለምን አሉሚኒየም? እኔ መንዝ ውስጥ ነው የምሠራው፣ ጠጠር ነው። ብረት ቸርኬ ድንጋይ ቢመታው ይጣመማል፣ መሐል ሜዳ ላይ አንድ ልጅ በመዶሻ ያቃናልሃል፣ ትሄዳለህ። አሉሚኒየም ግን ይሰነጠቃል። ማን ይበየድልሃል? ቢበየድስ ማን ይሳፈርበታል? ለመልክ ከሆነ ብረቱን ብር ቀለም ቀባው።

ጎሚስታው_ከጠባሴ

መንዜው ልክ ነው፣ ለእሱ መንገድ። አስፋልት ለሚሠራ ግን ያን ያህል አያስፈራም። የአሉሚኒየም ጥቅሙ ጠርዙ ክብ ሆኖ መቆየቱ ነው፣ ቲዩብለስ (ካላማዳሪ የሌለው) ጎማ አየር አያስወጣበትም። ይቀላል የሚሉት ነገር እንኳ ሁልጊዜ አይሠራም፤ ባለ 17 አሉሚኒየም ከነጎማው ከባለ 15 ብረት ሊከብድ ይችላል።

አውቶ_ተማሪ

ሁላችሁም ዳዶው ላይ ቆማችሁ ጎማውን ማንም አላየውም። 265/65 አር 17 ማለት ወርዱ 265 ሚሊ፣ የጎኑ ቁመት የዚያ 65 በመቶ፣ 172 ሚሊ ነው። ሁለት ጊዜ 172 እና የ17 ኢንቹ 432 ሚሊ ሲደመር ቁመቱ 776 ሚሊ ይመጣል። የአባዱላ 195/80 አር 15 በዚሁ ስሌት 693 ነው። ጎማው በ12 በመቶ ይበልጣል። መሪ ስትጠመዝዝ ፊት ያለው ፓራፋንጎ (የጭቃ መከላከያው) ውስጥ ይፋቃል፣ ምናልባትም ገና ሳትንቀሳቀስ። የፍጥነት ሰዓቱ 60 ሲልህ አንተ 67 ላይ ነህ። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማበር ሙሉ ሰው ይዘህ ስትወጣ ደግሞ ማርሽህ ሁሉ የረዘመ ያህል ነው፣ ሁለተኛ የሚጎትተው በነበረበት አንደኛ ትፈልጋለህ።

ቸርኬውም ራሱ ወርዱ 7 ተኩል ኢንች፣ ኦፍሴቱ 30 ነው። የአንተ ብረት 6 ኢንች በ35 ነው። ኦፍሴት ማለት ሞዞ (ቸርኬው የሚታሰርበት የመኪናው እምብርት) ላይ የሚለጠፈው ፊት ከቸርኬው ወርድ መሃል ስንት ሚሊ ወደ ውጭ እንደሆነ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል። ወርዱ በየጎኑ 19 ሚሊ ጨመረ፣ ኦፍሴቱ 5፣ በድምሩ ጠርዙ 24 ሚሊ ወደ ውጭ ይወጣል። ወደ ውስጥ ደግሞ 14 ሚሊ ይጠጋል። የወጣው ኩሽኔታ ላይ ክንድ ይጨምራል፣ ክረምት ላይ ጭቃውን በር ላይ ይረጨዋል።

ባለአባዱላ_ብርሃን

አውቶ_ተማሪ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ሄጄ አንዱን ፊት ላይ ገጥሜ መሪ አዞርኩ። ግማሽ እንኳ ሳይዞር ከኋላው በኩል ፓራፋንጎውን ነካ። ከላይ ቱንቢ ሳወርድ ቸርኬው ከቦዲው ውጭ ጣት የሚያህል ወጥቷል። ቸርኬውን ይዤ ጎማውን ብቻ ብቀይርስ?

አውቶ_ተማሪ

215/60 አር 17 ሲ የሚባል አለ። ቁመቱ 690 ሚሊ ይመጣል፣ ከዋናው በ3 ሚሊ ብቻ ነው የሚያንሰው። 7 ተኩል ቸርኬ ላይም ይገባል። «ሲ»ዋን ግን እንዳትረሳ፣ የጭነት ጎማ ማለት ነው። ጎኑ ላይ 109/107 ይላል፤ 109 ማለት አንዱ ጎማ 1,030 ኪሎ ይሸከማል። ተራ የአውቶሞቢል ጎማ 91 የሚል ብታስገባ 615 ኪሎ ነው፣ ሁለቱ የኋላ ጎማ ተደምሮ 1,230። 12 ሰውና ጣራ ላይ ድንች ጭነህ ይህ አይበቃህም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ቸርኬው ከቦዲ መውጣቱን ጎማ አይመልስልህም።

እመቤት_ሮቢት

እኔ ባለንብረት ነኝ፣ ሹፌር ቀጥሬ ነው የማሠራው። ሹፌሬም እንዲሁ አሉሚኒየም ይግባ ብሎ ሲነዘንዘኝ ነበርና ይህን እያነበብኩ ነው። አንድ ነገር ልጠይቅ። ከጣርማበር ደብረ ሲና፣ ከዚያም ሮቢት ያለው ቁልቁለት እንደምታውቁት ነው። መኪናው እዚህ ሲደርስ ጎማው አካባቢ እጅ አያስጠጋም። ሹፌሬ እንደደረሰ ዳዶውን በመፍቻ አንዴ አንዴ ይለዋል፣ «በሙቀት ይላላል» ይለኛል። ይህ ለአሉሚኒየም ደግ ነው?

ጎሚስታው_ከጠባሴ

እትዬ፣ ሹፌርዎ ለመኪናው ማሰቡ ጥሩ ነው፣ ሰዓቱ ግን ልክ አይደለም። አሉሚኒየም በሙቀት ከብረት ብሎን በእጥፍ ገደማ ይለጠጣል። ሲግል ቸርኬው ያብጣል፣ ብሎኑ ከታሰረበት በላይ ይወጠራል። በዚያ ላይ እሱ ሲጨምርበት ስንት እንዳሰረ አያውቅም። ሲበርድ ይረግብና ሌላ መልክ ይይዛል። በሚቀጥለው ደግሞ እንደገና ያጠብቃል። በዚህ ብሎኑ ተስቦ ይቀጥናል።

የሚታየው ጠዋት ነው፣ ቀዝቃዛ ሳለ፣ ከመነሳቱ በፊት። እዚያው ሮቢት አድሮ ከሆነ እዚያው፣ ደብረ ብርሃን አድሮ ከሆነ ደብረ ብርሃን።

ጎማው እጅ እስከማያስጠጋ የሚግል ከሆነ ደግሞ ከቸርኬው በፊት ሹፌሩን በምን ማርሽ እንደሚወርድ ይጠይቁት። በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው ምንም ዓይነት ቸርኬ አያድነውም።

እመቤት_ሮቢት

እሱንማ እኔም ጠርጥሬ ነበር። ዛሬ ማታ እንነጋገራለን።

ጫን_ተደል

ሹፌሩ አለቀለት 😂😂

ፓጄሮ_ነኝ

ክሩን አልጥለፍባችሁና እኔ ጋ አራት የፓጄሮ አሉሚኒየም ተቀምጧል። ስድስት ቀዳዳ ነው፣ ከአንዱ ቀዳዳ ፊት ለፊቱ እስካለው ለካሁ 139.7 ሚሊ ነው። አባዱላዬ ላይ ግን ሞዞው አያስገባውም፣ መሃሉ ጠባብ ነው። ቶርኖ ቤት ማስፋት ይቻላል?

ቶርኖ_ቤት

የፓጄሮው መሃል 67.1 ሚሊ ነው፣ የቶዮታው ሞዞ 106። ወደ 39 ሚሊ መክፈት ነው የምትጠይቀኝ። ማሽኑ ይችላል። ብዙ ሰው የሚያበላሸው ግን አያያዙ ላይ ነው፤ ቸርኬውን ከውጭ ጠርዙ ይይዙና ይቆርጣሉ። ያገለገለ ቸርኬ ጠርዙ ትንሽ ስለሚጣመም አዲሱ ቀዳዳ ከብሎኖቹ ክብ መሃል ይወጣል፣ ከዚያ መኪናው በ80 መንቀጥቀጥ ይጀምርና ባላንስ ሲሠራ ይከርማል። መያዝ ያለበት በድሮው 67.1 ቀዳዳ ነው፣ በኮምፓራተር (ጥቃቅን መወዛወዝ በሚለካው መሣሪያ) ተለክቶ።

ሌላው፣ ከጀርባው ያለው ወፍራም ክፍል ምን ያህል እንደሚቀር ማየት አለብኝ። አንዳንዱ ከጀርባ ተቦርቡሮ የተሠራ ነው፣ ስትከፍተው ለሞዞው የሚለጠፍ ፊት አይተርፍም። እንዲህ ያለውን ይዘውልኝ ሲመጡ ብር እያማረኝ እመልሳለሁ።

እኔ ብሆን ሸጬው የሚገጥም እገዛለሁ።

ባለአባዱላ_ብርሃን

አዲስ ነገር አለ። ፕራዶዎቹን መልሼ ወሰድኩለት። ስንጨቃጨቅ አረፈድንና በመጨረሻ ቀየረልኝ። አሁን ያመጣሁት ባለ 15፣ ጀርባው ላይ 15 በ6፣ ኦፍሴት 33፣ 6 በ139.7 ይላል። ጎማ የለውም፣ የራሴን 195 አስገባለሁ። ልዩነቱን ሙሉ ብር አልመለሰልኝም፣ ያው ገበያ ነው።

ይህኛው ቀዳዳው ሾጣጣ ነው። የድሮ ዳዶዬን ሳስገባው ስምጥ ብሎ ተቀመጠ። ነገር ግን መሃሉ ሰፊ ነው፣ ሞዞው ላይ ስሰቅለው ሚሊ ሁለት ሚሊ ይጫወታል። ሻጩ «ችግር የለውም፣ ዳዶው መሃል ያገባዋል» አለ።

መንዜው

ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል አሉ። ልዩነቱን ግማሹን እንኳ ተቀበልክ?

ባለአባዱላ_ብርሃን

ግማሹን ተቀብያለሁ መንዜው፣ አትሳቅብኝ።

አውቶ_ተማሪ

15 በ6 በ33 ለሃይኤስ ከሚሠሩት የታወቀ ልክ ነው። ከብረትህ በ2 ሚሊ ብቻ ነው የሚወጣው፣ ጥሩ አግኝተሃል። ጀርባው ላይ ሁለት ነገር ፈልግ። አንደኛ የሚሸከመው ክብደት በኪሎ ተቀርጾ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ የጃፓን ከሆነ ጄደብሊውኤል የሚል ምልክት አለ። ጄደብሊውኤል ብቻ ከሆነ ለአውቶሞቢል ነው፤ ጄደብሊውኤል-ቲ ከሆነ ለጭነትና ለአውቶቡስ የተፈተነ ነው። ለአንተ ሥራ ቲ ያለው ነው የሚያስፈልገው።

ባለአባዱላ_ብርሃን

በብሩሽ ጠርጌ አየሁት። ጄደብሊውኤል-ቲ ይላል፣ ከሥሩ 1000 ኪሎ። አራቱም አንድ ናቸው።

ቶርኖ_ቤት

መሃሉ ስንት ነው? በካሊፐር ለካው።

ባለአባዱላ_ብርሃን

110።

ቶርኖ_ቤት

በል በሞዞውና በቸርኬው መሃል ያለውን ክፍተት የሚሞላ 110 ለ106.1 ቀለበት ያስፈልግሃል። ውፍረቱ 2 ሚሊ አይሞላም። ተዘጋጅቶ የሚሸጥ አለ፣ ካጣህ ከአሉሚኒየም ቧንቧ እቆርጥልሃለሁ። የፕላስቲኩን ግን አትግዛ፣ ሮቢት በወረድክ ቁጥር ይለሰልስና ቸርኬው ላይ ይጣበቃል።

ጎሚስታው_ከጠባሴ

ቀለበት የግድ ነው የሚለው ላይ እኔ ትንሽ አልስማማም። ሾጣጣ ዳዶ በደንብ ከታሰረ ቸርኬውን መሃል ያገባዋል፣ ሸክሙንም የሚይዘው ቸርኬው ሞዞው ፊት ላይ መጨመቁ ነው እንጂ ቀለበቷ አይደለችም። ያለ ቀለበት ስንት መኪና አስሬያለሁ።

ቶርኖ_ቤት

ሸክም ትያዝ አላልኩም። ግን ማን ነው በደንብ የሚያስረው? ጎማውን መሬት ላይ አሳርፎ አንዱን ዳዶ በአየር መፍቻ ጨርሶ ወደሚቀጥለው የሚያልፍ ሰው ባለበት አገር፣ ቸርኬው በ1 ሚሊ ጎድሎ ይታሰራል። ከዚያ «ባላንስ አልያዘም» እየተባለ እርሳስ ይለጠፍበታል። ቀለበቷ ያንን ነው የምታስቀረው።

ጎሚስታው_ከጠባሴ

እሱን ካልክ እውነት ነው። በአየር መፍቻ የጨረሰ ሰው እኔ ጋ ሥራ የለውም።

ባለአባዱላ፣ ቀለበቷን አስቆርጥ፣ ውድ አይደለችም። ቸርኬውን ጎማ ሳይገባበት አምጣልኝ፣ መጀመሪያ ስንጥቅ አያለሁ። ያገለገለ ስለሆነ ተበይዶ የተቀባ ሊሆን ይችላል። ራስህም ማየት ትችላለህ፦ ከውስጥ በኩል ነጭ ጋዝ በጨርቅ ቀባው፣ ከውጭ ጠመኔ አሽበት፣ ግማሽ ቀን ተወው። ስንጥቅ ካለ ነጭ ጋዙ አልፎ ጠመኔው ላይ ጠቆር ያለ መስመር ያወጣል። በተለይ የክንዱ ሥርና የጎማው ከንፈር የሚቀመጥበት ጠርዝ ላይ አተኩር። ቀለሙ ከሌላው ቦታ ወፍሮ ወይም ሸካራ ሆኖ ካየኸው ጥርጥር ይኑርህ።

አውቶ_ተማሪ

ቫልቩንም አብሮ ማስቀየር ነው። ተራው የላስቲክ ቫልቭ እስከ 65 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ድረስ ነው የተሠራለት፣ የጭነት ጎማ ሙሉ ሲነፋ ወደዚያ ይጠጋል። ከውስጥ ላስቲክ ያለው በዳዶ የሚታሰረው የብረት ቫልቭ ይሻላል።

ስለ አየር ካነሳን አንድ የሚገርመኝ ነገር ልበል። ደብረ ብርሃን ከባህር ጠለል ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፣ ሮቢት 1,300 አይሞላም። ውጭ ያለው አየር ሮቢት ላይ ስለሚከብድ ብቻ የጎማ መለኪያው 2 ፒኤስአይ ገደማ ዝቅ ማለት ነበረበት። ግን ጠዋት በውርጭ የተነፋ ጎማ እዚያ ሙቀት ውስጥ ሲገባ ሙቀቱ ከዚያ በላይ ይጨምርበታልና ሄደህ ስትለካው ከፍ ብሎ ታገኘዋለህ። ከፍ አለ ብለህ ሮቢት ላይ አታስተንፍስ፣ ተመልሰህ ብርሃን ስታድር ጎድሎ ያድራል።

እመቤት_ሮቢት

ይኸው ነው! ሹፌሬ ሁልጊዜ እዚህ ሲያስተነፍስ አየዋለሁ፣ ብርሃን ሲሄድ ደግሞ «ጎማው ያስወጣል» ብሎ ይደውላል።

ባለአባዱላ_ብርሃን

ጋሼ ጎሚስታው፣ ነጭ ጋዙን አድርጌ ንጹህ ነው። ቀለበቱም ተቆርጧል፣ በእጅ ገፋ ሲደረግ የሚገባ ሆኖ ተሠርቶልኛል። ነገ አመጣዋለሁ። ስታስረው እንዴት እንደምታስር ግን እዚህ ጻፍልን፣ መንገድ ላይ ብፈታው እኔም እንዳውቀው።

ጎሚስታው_ከጠባሴ

እሺ። ከሁሉ በፊት የሞዞው ፊት ነው። የድሮው ቸርኬ የተወው ዝገትና ቀለም በሽቦ ብሩሽ እስከ ብረቱ ይጠረጋል። እዚያ መሃል አንድ የዝገት ቅርፊት ቢቀር ቸርኬው ጠማማ ይቀመጣል፣ ቅርፊቱ በኋላ ሲደቅ ዳዶው ይላላል። አሉሚኒየምና ብረት በእርጥበት ይጣበቃሉ፣ ዓመት ቆይተህ ጎማ ልፈታ ብትል በእርግጫም አይወጣም። ለዚህ ሞዞው መሃል ያለው ክብ ላይ፣ ቀለበቷ በምትቀመጥበት፣ ጣት ነካ የሚያደርግ ግራሶ እቀባለሁ። ፊቱ ላይ አይደለም፣ ብሎኑ ጥርስ ላይ ደግሞ ፈጽሞ። የተቀባ ብሎን በዚያው ጉልበት አብልጦ ይሳባል።

ዳዶዎቹን አይቼ አፋቸው የተበላ፣ ማዕዘናቸው የተዞረ ካለ አስቀይርሃለሁ። ሾጣጣው ፊት ለስላሳ ካልሆነ አሉሚኒየሙን ይልጠዋል።

ከዚያ ጎማው በክሪክ ከመሬት ተነስቶ ሳለ ስድስቱንም በእጅ እስኪቆሙ። በመፍቻ ቀለል አድርጌ አንዱን ካሰርኩ ቀጥሎ ፊት ለፊቱ ያለውን፣ ክብ እየዞርኩ አይደለም። ክሪኩን አውርጄ ጎማው ሲረግጥ በዚሁ ቅደም ተከተል የመጨረሻውን። ቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ጉልበት የሚለካ መፍቻ) አለኝ፣ ለዚህ ብሎን 100 ኒውተን ሜትርና ትንሽ ከፍ ባለው ላይ ነው የማደርገው። አንተ መንገድ ላይ ቶርክ ቁልፍ ከሌለህ ግማሽ ሜትር ክንድ ባለው መፍቻ ጫፍ ላይ የ20 ኪሎ ያህል ግፊት ማለት ነው። ረዳቱ መፍቻው ላይ ሲቆምበት 60 ኪሎው ሦስት እጥፍ አሰረልህ ማለት ነው፣ እሱን አስቁምልኝ።

ጫን_ተደል

ረዳት ሲቆምበት ያላየ ሰው ይኖራል? እኔ እስካሁን ትክክለኛው መንገድ እሱ ይመስለኝ ነበር። ሦስት እጥፍ ነው ያልከው?

ጎሚስታው_ከጠባሴ

ሲዘል ደግሞ ከዚያ በላይ።

አውቶ_ተማሪ

ድጋሚ የማጥበቂያውንም ንገረው።

ጎሚስታው_ከጠባሴ

አዎ። አዲስ የታሰረ አሉሚኒየም ከ50 እስከ 100 ኪሎሜትር ውስጥ ይቀመጣል፣ እንደገና መታየት አለበት። የመጀመሪያውን ጉዞ ወደ ደብረ ሲና አታድርገው። ርቀቱ 60 ይሆናል፣ ግን ስትደርስ ፍሬኑ የጋለ ነው፣ ያልኳችሁ ነገር ይመጣል። በሸኖ በኩል ደርሰህ ተመለስ፣ ሜዳው ይበዛል፣ ፍሬን ብዙ አትነካም። አሳድረውና ጠዋት በቀዝቃዛው አምጣው።

ባለአባዱላ_ብርሃን

ታሰረች ወገን። ሸኖ ደርሼ መጣሁ፣ አድራ ጠዋት ታየች። ከኋላ ግራ ሁለት ዳዶ ትንሽ ዞሩ፣ ሌላው ቶርክ ቁልፉ እንደነካው ጠቅ አለ። በ80 መሪው ዝም ያለ ነው፣ ቀለበቷ ትሆን የጎሚስታው እጅ አላውቅም፣ እናንተ ተጨቃጨቁበት። ፎቶ ማታ እለጥፋለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ተቀያሪ ጎማዬ የብረቱ ነው፣ ሥሯ ላይ እንደተሰቀለ ነው። ጎማ ቢበሳብኝ በዚሁ ዳዶ አስረዋለሁ አይደል?

ጎሚስታው_ከጠባሴ

የአንተ ይታሰራል፣ የራሱ የብረቱ ዳዶ ስለሆነ። የፕራዶዎቹን ይዘህ ቢሆን ኖሮ ስድስት ሾጣጣ ዳዶ በከረጢት ይዘህ መዞር ነበረብህ። ስትገጥመው የአሉሚኒየሙን ቀለበት ብቻ አስተውል፣ ሞዞው ላይ ተጣብቃ ከቀረች ብረቱ ቸርኬ አይገባም። በካቻቢቴ ጫፍ ቀስ ብለህ አንሳትና ኪስህ ክተታት፣ መንገድ ላይ ጥለሃት እንዳትሄድ።

እመቤት ሮቢት፣ እርስዎም ሹፌርዎን ይላኩት፣ ቸርኬ ከመግዛቱ በፊት እኔ ልይለት።

እመቤት_ሮቢት

ይመጣል። በሁለተኛ ማርሽ እየወረደ ይመጣል።

መንዜው

ባለአባዱላ፣ የብረት ቸርኬዎችህን ምን ልታደርጋቸው ነው? ከአራቱ ሁለቱ እንኳ የሚቃኑ ከሆነ እኔ ልውሰዳቸው።

ባለአባዱላ_ብርሃን

አንዱ ደህና ነው፣ ሦስቱ ጠርዛቸው ሄዷል። መጥተህ እያቸው፣ መዶሻውን ግን አንተ ይዘህ ና።